ዝናብ ያስቀረው ምሳ

አሁን የማበስለው ከፍሎ ለሚበላ ሰው ነው። ዋጃ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች በሚያርፉበት ሆቴል ወጥ ሠሪ ነኝ። ከማብሰያው ወደ ሳሎኑ የምታሳልፍ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእሷ ሳህን አወጣለሁ፤ በእሷ ሳህን ይመለስልኛል። የበላውን ሰው ግን አላየውም። ምግብ ተርፎ ሲመጣ ሰውየው ጠግቦ ይሁን ወይስ አልጥም ብሎት አላውቅም። አስተናጋጇን ብጠይቃት «ከፍሎ ሄዷል፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከዚህ በፊት የተማሪዎች ምገባ ላይ ነበርኩ፤ መጀመሪያ ቆቦ፣ ከዚያ ሮቢት፣ ከዚያ ተመልሼ ቆቦ። ጢሜ ሳያቆጠቁጥ ገብቼ ሠላሳ ሳይሞላኝ ወጣሁ። ይህን የሥራ ዘመን ብዬ ስጽፍ እውነተኞቹ ጡረተኞች እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እነሱን ያወጣቸው ዕድሜ ነው፤ እኔን ያወጣኝ አንድ ክረምት ነው።

የገባሁት በእንጨት ፈላጭነት ነበር። አባቴ ከአላማጣ ወዲያ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ሲከስርበት ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ፣ እኔ ቆቦ ቀረሁ። የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ የትም አላደረሰኝም። ትምህርት ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ማብሰያ ቤት ነበረች፤ ምሳር ይዤ በሯ ላይ ስቆም ከውስጥ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት ወጡ። ሐዋ ይባላሉ፤ ዋና አብሳይዋ ናቸው።

«ምን ታያለህ አንተ ቀጮ?» አሉኝ።

«ደመናውን።»

«ምሳር የያዘ ሰው ምሳሩን ይይ። ሰማዩን ማን ይሰርቅሃል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሐዋ አለቃዬ ሆኑ። ርዕሰ መምህራን መጥተዋል፣ ሄደዋል። ሮቢት ላይ የነበረው አንዱ «ያረፈደ አይበላም» የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ያረፈዱት ከሩቅ የሚመጡት ስለነበሩ ሕጉ የሚርባቸውን መርጦ ይቀጣ ነበር። ሌላው ደግሞ የምግብ ሽታ መምህራኑን እንዳይረብሽ ብሎ ማብሰያውን ወደ ሽንት ቤቱ አስጠጋው። ደመወዙም ሲመጣ የሚመጣ ነበር። ስለ እነዚህ ብዙ ማለት አልፈልግም። ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ሐዋ ናቸው።

ጭልፋ ሲያስይዙኝ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ምግቡ አልነበረም። «ሳህኑን እይ፣ ፊቱን አትይ» አሉኝ። «ፊት ካየህ ታዳላለህ። አንዱ ያሳዝንሃል፣ አንዱ ያስቅሃል፣ የአንዱን አባት ታውቀዋለህ። ሳህን ግን የሁሉም አንድ ነው።»

ሽሮን ያስተማሩኝ በማስፈራራት ነው። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይበጠበጥ የሚፈላው ላይ ከተበተነ ይጓጉላል። ለቤተሰብ ሲሆን የጓጎለውን በማንኪያ ይደፈጥጡታል፤ ለትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ሲሆን ግን ማን ሊደፈጥጠው? እሳቱንም እንዲሁ። ድስቱ ሰፊ ስለሆነ መሃሉ ሲያርር ዳሩ ጥሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ፍሙን ከመሃል ወደ ዳር እየሳቡ ድስቱን ቀለበት በሆነ እሳት ላይ ያስቀምጡታል። ሲጨልፉ ከታች ጀምረው ነው፤ ከላይ ከላይ የጨለፈ ለፊተኞቹ ውሃ፣ ለኋለኞቹ ጭቃ ይሰጣል። ደግሞም ሰልፉ ሳያልቅ ድስት አይፋቅም። «ፍቅፍቅታ የሰማ ልጅ የሚደርሰው አይመስለውም፤ ጉሮሮው ይዘጋል» ይሉ ነበር። በኋላ ሮቢት ስሄድ፣ ብቻዬን ድስት ፊት ስቆም፣ ይህን ሁሉ በድምፃቸው ነበር የምሰማው።

በረመዳን እሳቸው ስለማይቀምሱ ጨው ቀማሹ እኔ ነበርኩ። በሁዳዴ እኔ እስከ ቀትር ስለምጾም ቀማሿ እሳቸው። ሁለቱ ጾሞች የገጠሙ ዓመት ግን ሁለታችንም ድስት ፊት ተፋጠጥን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «እኔማ የሁላችሁም ከሃዲ ነኝ» እያለ መጥቶ ቀመሰልን፤ ጨውም አስበዛን።

ያኔም ግጥም እጽፍ ነበር፤ ማንም አላስተማረኝም። የዘይት ካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳው ሥር አስቀምጣለሁ። ጠዋት እትዬ ሐዋ እሳት ሲያነዱ አንዱን ይመዙና «የትናንቱ ደህና ነው» ይሉኛል፤ «ቶሎ ተያያዘ።»

ከሁሉ የወደድኩላቸው አንድ ልማድ ነው። እርቦት ግን አፍሮ ከአጥር ሥር የሚቆም ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። እትዬ ሐዋ «ና ብላ» አይሉትም። ጮክ ብለው «አንተ ልጅ! እባክህ ናልኝ፤ ዛሬ ጨው የበዛ መሰለኝ፣ ቅመስልኝ» ይሉታል። ልጁ ውለታ ሊውል ይመጣል። ይቀምሳል። «አልበዛም» ሲል «እስቲ ጨምረህ እይ» ይሉታል። እንደዚህ እያለ ሳህኑን ይጨርሳል። ልጅ በራብ አይጠራም፤ በሥራ ይጠራል። ይሄ የእሳቸው ሙያ ነበር፤ ያ ክረምት ያፈረሰብን ሙያም ይሄው ነው።

ትምህርት በሰኔ ሲዘጋ ምሳውም ይዘጋል። ይህን ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን በየመስከረሙ ስንከፍት ሰልፉ እያጠረ መጣ። ትልልቆቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ በክረምት ይሄዳሉ፤ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር። ሰባተኛ ክፍል የነበረችው ሰዓዳ የዚያ ዓመት ተራዋ ይመስል ነበር። ምሳ ከበላች በኋላ ሳትጠየቅ ሳህን ታጥብልን ነበር፤ ምላሷ ስለት ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስለ እኔ ጻፍክ?»

«ጽፌ ነበር። እትዬ ሐዋ እሳት አያያዙበት።»

«እንኳን! በእኔ ሽሮ ፈላ ማለት ነው።»

እናቷ መዲና የሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ናት። አባትየው የለም። ከሰዓዳ በታች ሁለት ትንንሾች አሉ፤ ኑሩና ፈቲያ። ሰኔ መጨረሻ መዲና ማብሰያ ቤቱ ድረስ መጣችና በሹክሹክታ እትዬ ሐዋን አነጋገረች። እኔ እንጨት እየደረደርኩ ሰማሁ።

«ልጅቷ ቆርጣለች። ‹ሦስታችን ከምንራብ እነሱ ይጥገቡ› ትለኛለች። ደላላው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይጠብቃታል። ትንንሾቹ ክረምቱን እዚህ ምሳ ከበሉ ግን ለእራታቸው፣ ለቁርሳቸው እኔ እበቃለሁ። ያን ጊዜ ምን ብላ ትሄዳለች? አልለቃትም።»

«አብሽሪ» አሏት እትዬ ሐዋ። «ዘንድሮ በክረምትም ይቀጥል የሚል ነገር አለ።»

ነገሩ በርግጥ ነበር። ወረዳው አዳራሽ ሕዝብ ተጠርቶ ክርክር ተደረገ። መድረኩን የያዙት የምገባው ኃላፊ አቶ ይመር ነበሩ፤ የዋህ፣ የደከማቸው ሰው። አንድ የእህል ነጋዴ ተነስቶ «ልጅን በእረፍት ቀን ማብላት የአባትና የእናት ፋንታ ነው፤ መንግሥት ይህንንም ከወሰደባቸው ምን ሊቀራቸው ነው?» አለ። አንድ ገበሬ «ክረምት ልጅ ለአረም ይፈለጋል፤ ምሳ ብላችሁ ከተማ አታስቀምጡብን» አለ። አንዲት መምህርት «ሆድ የትምህርት ካሌንደር አያውቅም» አለች፤ ተጨበጨበላት። እትዬ ሐዋ እጃቸውን አውጥተው «እናብላ ካላችሁ ለሁሉም ነው» አሉ። «ለመረጥነው ብቻ ካላችሁ የመረጣችሁት አይመጣም።»

አቶ ይመር ግንባራቸውን አሹ። «እትዬ ሐዋ፣ ለሁሉም የሚሆን ከየት አመጣለሁ? ያለን ለደሃዎቹ ብቻ ነው። ደሃውን ለመርዳት ደሃውን ማወቅ የግድ ነው።»

ተሳሳቱ ለማለት አልደፍርም። ያላቸው ያ ነበር። ተወሰነ፤ ለደሃ ልጆች ብቻ፣ በካርድ።

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ራሱ ላይ በትልቁ «የደሃ ደሃ ልጆች ስም ዝርዝር» ይላል። በሩ ደግሞ ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያየው በር ነው። የራያ ሰው ቢርበው እንኳ ጥርሱን እየፋቀ የሚወጣ ነው፤ የበላ እንዲመስል። የዚያ ሰው ልጅ ስሙ በር ላይ ተለጥፎ፣ ካርድ አንጠልጥሎ ይምጣ? በመጀመሪያው ቀን ድስቱ ሞልቶ ጠበቅን። ጥቂት በጣም ትንንሾች መጡ፤ ገና ማፈር የማያውቁ። ኑሩና ፈቲያ አልመጡም። መዲና ሌሊቱን ከወረቀቱ ላይ የልጆቿን ስም ቀድዳ አውጥታዋለች፤ ቦታው ተሸንቁሮ አየሁት።

በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ሐምሌ ገብቶ ማሽላው መሬት ላይ ቢጫ ሆነ፤ የዞብል ተራራ ከአቧራ ጀርባ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሰማይ ያይ ጀመር፤ እንደ እኔ።

አንድ ጠዋት እትዬ ሐዋ ድስት እየጠረጉ ድንገት ቀና አሉ። «ልጆቹን በሥራ እንጥራቸው» አሉኝ።

«በምን ሥራ?»

«ዝናብ ያምጡልን።»

ወሎ ያደገ ሰው ይገባዋል። ዝናብ ሲጠፋ ትልቅ ሰው ለምኖ ካልሆነ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ኃጢአት ስለሌለባቸው ልመናቸው አይመለስም ይባላል። ለዱዓ የመጣ ልጅ ደግሞ ሳይበላ አይሸኝም። እዚያ መብላት የጸሎቱ መደምደሚያ ነው፤ የሚበላው ልጅ ለሚያበላው ውለታ ዋለ ይባላል እንጂ ተመጸወተ አይባልም። እትዬ ሐዋ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዱ፤ ቅሬ ማለት ሙስሊም ክርስቲያኑን በአንድ የሚያስቀብር የሰፈር ማኅበራችን ነው። ዳኛው ሸሁንም ቄሱንም አነጋገረ። በማግስቱ ሰፈሩ ተለፈፈ፦ «ልጅ ያላችሁ ልጆቻችሁን ለዝናብ ልመና አውሱን!»

አውሱን። ያቺን ቃል ዛሬም አደንቃታለሁ።

መጡ። ካርድ ያላቸው፣ የሌላቸው፣ የባለ ሱቅ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ አንድ ላይ። ዋርካው ሥር ግማሾቹ «አሚን» ይላሉ፣ ግማሾቹ «እግዚኦ» ይላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ይበላሉ። ኑሩ ሦስቴ ጨመረ። ስንቁ ያንሳል ብለን ስንሰጋ አዳራሹ ውስጥ የተቃወመው እህል ነጋዴ ራሱ ጆንያ ሩዝ ላከ፤ «ለዱዓው ነው» ብሎ። አቶ ይመር መጥተው አዩ። «ካርድ የሌለው እየበላ ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ለዱዓ የመጣ ልጅ ጦሙን ልሸኝ?» አሉ እትዬ ሐዋ። «አንቱ የወሎ ልጅ አይደሉ?»

አቶ ይመር ተቀመጡና ሳህን ተቀበሉ።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ሰዓዳ ሳህን ልታጥብ ተመለሰች። አንድ ቀን እናቷ ፊት «ደላላውን ተወኝ አልኩት» ብላ ነገረችን፤ የሳቀች እንዳይመስልባት ፊቷን ወደ ሳህኑ ደፍታ። መዲና የእትዬ ሐዋን እጅ ሳመች። እኔ በሕይወቴ የዚያን ሰሞን ያህል ሰው መካከል ሆኜ አላውቅም። ግጥም አልጻፍኩም፤ አላስፈለገኝም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ።

በአንድ ከሰዓት መጣ፤ ከምዕራብ፣ ከተራሮቹ፣ እንደ መኪና ጩኸት። ልጆቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ዘለሉ። ሴቶች እልል አሉ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ጎርፍ ሊጠልፍ ወደ ማሳው ሮጠ። ቆርቆሮው ከመጮሁ የተነሳ እትዬ ሐዋ የሚሉትን አልሰማሁም፤ ከንፈራቸው «አልሐምዱሊላህ» ሲል አየሁ። በማግስቱ የምስጋና ዱዓ ተደረገ፤ ሸሁ መረቁ፣ ቄሱ መረቁ፣ ሰው ልጆቹን አቅፎ ወደየቤቱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ድስት ሙሉ ሠርተን ጠበቅን። ማንም አልመጣም።

ለካ ምክንያት ስንመርጥ የሚያልቅ ምክንያት መርጠናል። ልጆቹ ዝናብ እንዲያመጡ ተጠሩ፤ አመጡ፤ ሥራቸው አለቀ። ዝናብ እየዘነበ ለዝናብ ልመና ነው ብሎ የሚመጣ ልጅ የለም፤ ቢመጣ ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ድስቱ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቆዳ አበጀ። እትዬ ሐዋ በሩ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያዩ ነበር።

«አላህ ቶሎ ሰማን» አሉ። «ትንሽ ቢያቆየን ምን ነበረበት?» ወዲያው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። «አስተግፊሩላህ! ምን አልኩ እኔ?»

እኔ በጭቃ ወደ መዲና ቤት ሄድኩ። ምግብ በክዳን ሳህን ይዤ ነበር። ከበር አላስገባችኝም።

«ልጆቹ ይምጡ እንጂ፣ መዲና።»

«ዱዓው ደርሷል እኮ። አሁን ምን ብለው ይመጣሉ?»

«እንግዲያስ ይህን ተቀበይኝ።»

ግራ ቀኙን አየች። ጎረቤቷ በር ላይ ቆማለች። «አንተ ወንድሜ፣ ደግ ነህ። ግን ሳህን ይዘህ በሬ ላይ አትቁምብኝ። ዛሬ አንተ ትሄዳለህ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ከውስጥ ሰዓዳ አየችኝ። አልቀለደችም።

ሌላ ምክንያት ፈለግን። የቁርኣን ውድድር አልን፣ የእግር ኳስ አልን፣ እኔ ደግሞ ግጥም አስተምራለሁ አልኩ፤ ለግጥም የመጣው አንድ ልጅ ነበር፣ እሱም ዝናብ ሊጠለል። ሰው አንዴ ገብቶታል። አቶ ይመር ነሐሴ ውስጥ መጥተው የተደረደረውን ወንበር አዩ።

«ፈላጊ የለም ብዬ ልዘግብ ነው» አሉ።

«አለ እኮ፣ አቶ ይመር» አልኩ። «ቤቱ ተቀምጦ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ እናቴም ባዶ ድስት ጥዳ ጭስ ታስወጣ ነበር፣ ሰው እንዲያይ። ግን ባዶ ወንበር ይዤ የበላይ ፊት ምን ብዬ ልሟገትልህ?»

የተደረደሩትን ወንበሮች ማንሳት ጀመርኩ።

ሰዓዳ ነሐሴ ሳያልቅ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ምሳው እንደ ወትሮው ለሁሉም ሆነ፤ ሁሉም ስለሚበላ ማንም አያፍርም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። ኑሩና ፈቲያ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። እንደተማርኩት ሳህን ሳህን ለማየት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ፊት ማየት ጀመርኩ፤ የሌሉትን ፊት መፈለግ ጀመርኩ። ሰልፉ ሲቆም ጭልፋ ይዤ ፈዝዤ እገኛለሁ። እትዬ ሐዋ ለጥቂት ጊዜ ታገሱኝ፤ አንድ ቀን ጭልፋውን ከእጄ ወስደው «ሂድ ልጄ፤ ከፍሎ ለሚበላ አብስል። እሱ አይከብድህም» አሉኝ። ዋጃ የመጣሁት እንደዚህ ነው።

ዘንድሮ በሰኔ ስለ ክረምቱ ምሳ እንደገና ሕዝብ እንደሚጠራ ሰማሁና ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ቆቦ ሄድኩ። አዳራሹ ያው ነው። እትዬ ሐዋ አሞአቸው አልመጡም። ነጋዴው ያለውን ደገመ፤ መምህርቷ ያለችውን ደገመች። እኔም ተነስቼ «ለሁሉም ይሁን፣ ወይም ስም አትለጥፉ» አልኩ። አቶ ይመር በአክብሮት ሰሙኝ። «የለጠፍነው ስህተት ነበር፤ አይደገምም» አሉ። «ለሁሉም የሚሆን ግን ዘንድሮም የለም። አምና ደግሞ ፈላጊ አልተገኘም። እዚህ ውስጥ ‹የእኔ ልጅ ይፈልጋል› የሚል ሰው ካለ ይንገረን፤ ያኔ አቀርባለሁ። ከሌለ ምን ላድርግ?»

ሰው የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር። እኔ ልጅ የለኝም። አቶ ይመር ወረቀታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ከሴቶቹ ረድፍ መዲና ተነሳች።

«የእኔ ልጆች ይፈልጋሉ» አለች። ከኋላ ያለውም እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው። ከጎኗ የነበረችው ያቺ ጎረቤቷ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች፤ እጇን አስለቀቀቻት።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። «ስም?»

«መዲና እንድሪስ።»

«ስንት ልጅ?»

«ሁለት ጻፍ።»

አቶ ይመር ቀና አሉ። ሰውን ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «መዲና፣ ሦስት አይደሉም እንዴ? ትልቋስ?»

መዲና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ትልቋማ የሰው ልጆች እያበላች ነው» አለች፤ ተቀመጠችም።